ኖታ ማንበብ ምንድን ነው?

አቦ ሰሞኑን ደግሞ አንድ ቪዲዮ አየሁ፣ ልጆች ኖታ (የዜማ ድምፅ ምልክት) እንደሚጻፍባቸው ሆነው መሬት ላይ በተሰመሩ አምስት መስመሮች ላይ እየዘለሉ «ዶ ሬ ሚ ፋ» ይላሉ፣ ስሩ «በጨዋታ በሳምንት ውስጥ ኖታ ማንበብ ቻሉ» ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ ደስ ይላሉ፣ ጨዋታውም ጥሩ ነው፣ ግን ያ ማንበብ አይደለም።

ፊደል የቆጠርንበትን ጊዜ አስታውሱ። «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ የሚያወርድ ልጅ ድንገት «ቁ»ን ብትጠቁመው ከላይ ካልጀመረ ዝም ነው የሚለው፣ የኔታዎች አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚሁ ነው፣ ተራው ሲበጠበጥ ዓይን የግዱን ፊደሉን ያያል። ኖታ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም «ቁ» ስትል ስሙም ድምፁም እሱው ነው፣ «ሶል» ብለህ ስሙን ስትጠራ ግን ድምፁን ገና አላወጣኸውም።

እኔ እዚህ ድሬ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ስጫወት በጠዋት ሲሚንቶው ሳይግል እንደ ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ እናሰምርና ቆርኪ እጥላለሁ። ስም አልጠይቅም። ከታች ሁለተኛው መስመር፣ የሶል ቦታ ላይ አቁሜ ሶልን አዜምላቸዋለሁ፣ ቆርኪው ላይ ከመዝለላቸው በፊት ድምፁን ማውጣት አለባቸው። አንዷ ከታች ጀምራ በጣቷ «ሚ፣ ፋ፣ ሶል» እያለች ትቆጥር ነበር፣ «ተይው ስሙን፣ ከቆምሽበት ወደ ላይ ነው ወደ ታች? አጠገብሽ ነው ወይስ ዘሎ?» አልኳት፣ ትንሽ አየችውና ላን ልክ አወጣችው።

ቪዲዮው ስር «አምስት መስመር ስለሆነ ለኛ አምስት ድምፅ ይመቻል» ብሎ የኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ያነሳም ነበር። ወንድሜ፣ ድምፅ መስመሩም ላይ ክፍተቱም ላይ ነው የሚቀመጠው፣ አምስት መስመርና በመሃል አራት ክፍተት፣ ዘጠኝ ቦታ። እንደውም የኛ ቅኝት ሌላ ጣጣ አለው፣ ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ፋ የለም፣ ስለዚህ በትዝታ ላደገ ጆሮ ሚና ሶል ጎረቤት ናቸው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ከመስመር ወደ መስመር ዝላይ ነው። ልጁ ፋ ተጽፎ ሶል ቢያዜም ጆሮው ስለቀደመው ነው እንጂ ሰንፎ አይደለም፣ አትቆጡት።

እኔ አነበበ የምለው አይቶት የማያውቀውን አራት ኖታ ሰጥቼው፣ የመጀመሪያዋን ድምፅ ብቻ ነግሬው፣ ቀሪውን ያለ ፒያኖ፣ ነጯን ኖታ (ውስጧ ባዶ፣ ባለ ዘንግ) ሁለት ምት ይዞ ጥቁሯን (ውስጧ የተሞላ) በአንድ እየለቀቀ ሲያዜመው ነው።