መስፈርና መመዘን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዳቦው አሠራር «500 ግራም ዱቄት፣ 325 ሚሊ ሊትር ውሃ» ይላል። ሚዛን አልነበረኝም። ኩባያዬ ደግሞ ልክ 250 ሚሊ ሊትር ይይዛል። «እንግዲያው ሁለት ኩባያ ነዋ!» አልኩና ዱቄቱን ሰፈርኩ። ውሃው ሲገባበት ሊጡ ሾርባ ሆኖ ቁጭ አለ። ጥፋቱ የአሠራሩ አልነበረም።

«250 ሚሊ ሊትር ማለት 250 ግራም ነው»

ለውሃ፣ አዎ። ለእህል ግን አይሠራም። ኩባያ የሚለካው ቦታ ነው፤ በፍሬዎቹ መካከል ያለው አየርም አብሮ ይሰፈራል። 240 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ጥሬ ነጭ ሩዝ ከ185 እስከ 200 ግራም ይመዝናል። የስንዴ ዱቄት እንደ አሰፋፈሩ ከ120 እስከ 150 ነው። ጠፍጣፋው አጃ ከ80 እስከ 100 ቢሆን ነው፤ ቅርፊት ቅርፊት ስለሚመስል እርስ በርሱ አይገጥምም፣ አየር ይበዛበታል። ስለዚህ ለሁሉም እህል የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የእያንዳንዱን የአንድ ኩባያ ክብደት ካወቅን ግን ዕዳው ገብስ ነው፤ ማካፈል ብቻ። በእኔ ኩባያ ዱቄት 125 ግራም ገደማ ነው። 500 ለ125 ሲካፈል 4። ሁለት የሰፈርኩት አራት መሆን ነበረበት!

«ዱቄት እንዴትም ቢሰፈር ያው ነው»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ሰክተን፣ ወደ ጎን ጫን አድርገን ብናወጣው 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ዱቄቱን መጀመሪያ ፈታ ፈታ አድርገን፣ በማንኪያ እየጨለፍን ሞልተን፣ ትርፉን በቢላ ጀርባ ብንጠርገው 120 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ 30 ግራም ነው። ትንሽ ይመስላል፤ አራት ጊዜ ሲሰፈር ግን 120 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ኩባያ ዱቄት ይሆናል። ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግም ያው ነው፤ ዱቄቱ ይወርዳል፣ እኛም እንጨምርበታለን። ደግሞ «አንድ ኩባያ የተነፋ ዱቄት» ከተባለ ነፍቶ መስፈር ነው፤ «አንድ ኩባያ ዱቄት ሰፍረው ይንፉ» ከተባለ ግን ተቃራኒው። ወንፊት አየር ስለሚያስገባበት ቅደም ተከተሉ ክብደቱን ይቀይረዋል። ሩዝና ምስር እንዲህ አያስቸግሩም። ጠንካራ ስለሆኑ ቢጫኗቸውም ብዙም አይጠቀጠቁም።

«ኩባያ የትም አገር አንድ ነው»

የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200። ከኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ጋር የሚመጣው ትንሹ ኩባያ ደግሞ 180 ሲሆን፣ 150 ግራም ያህል ሩዝ ይይዛል። እሱ የጠፋበት ሰው በትልቅ ኩባያ ሰፍሮ ውሃውን በድስቱ መስመር ልክ ይሞላል። መስመሮቹ የተሠመሩት ለትንሹ ስለሆነ ውሃው ያንሳል፤ ሩዙ ሳይበስል ይቀርና ማብሰያው ይወቀሳል።

«አውንስ አውንስ ነው»

አውንስ የተባለው መለኪያ ሁለት ዓይነት ነው። የፈሳሹ አውንስ 29.6 ሚሊ ሊትር፣ የክብደቱ 28.35 ግራም። በፈሳሽ 8 አውንስ የሚይዝ ኩባያ፣ ዱቄት ሲሞላበት በክብደት እንደ አሰፋፈሩ ከ4 እስከ 5 አውንስ ገደማ ብቻ ነው።

«ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ ግራሙ ያው ነው»

100 ግራም ጥሬ ሩዝ ውሃውን ጠጥቶ ከ250 እስከ 300 ግራም ሊሆን ይችላል። አሠራሩ የቱን እንዳለ ማየት ነው።

«ሚዛን ካለ ማንኪያ ምን ያደርጋል?»

ለዱቄት ልክ ነው። ነገር ግን የተለመደው የኩሽና ሚዛን በ1 ግራም ስለሚዘል፣ 2 ግራም እርሾ ላይ ሊያሳስት ይችላል። ለእንዲህ ያለው የመለኪያ ማንኪያ ይሻላል።

እኔ በመጨረሻ ሚዛን ተዋስኩ። እያንዳንዱን እህል በተመሳሳይ አሰፋፈር ሦስት ሦስት ጊዜ ሞልቼ መዘንኩና አማካዩን ያዝኩ። አሁን ኩባያዬ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፦ ዱቄት 125፣ ሩዝ 195፣ አጃ 95።