የክትባት ሽፋን ምንድን ነው? "ይሄን ያህል ፐርሰንት ተከተበ" ሲባል ማን ተቆጥሮ ነው

በኮቪድ ጊዜ ማታ ዜና ላይ "የክትባት ሽፋኑ ይሄን ያህል ፐርሰንት ደረሰ" በተባለ ቁጥር እናቴ ቡናዋን እየቀዳች "የማን?" ትል ነበር። በቃ አንዲት ቃል፣ የማን? እኛ ደግሞ "ከመቶ ሰው ይሄን ያህሉ ተወግቷል ማለት ነው እማ" ብለን እናልፋታለን። ጥያቄዋ ምን ያህል ትክክል እንደነበር የገባኝ ታላቅ እህቴ ሪፖርት ስትሰራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ካየሁ በኋላ ነው። እህቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ ናት፣ ደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ወጣ ብሎ ባለች ጤና ኬላ ነው የምትሰራው። ይሄን የምጽፈው "ሽፋን" የሚለውን ቃል ሰው በደንብ እንዲያውቀው ስለምፈልግ ነው፣ ምክንያቱም በዛች ቃል ክትባት ይመደባል ፍሪጅ ይላካል፣ በዛችው ቃል ደግሞ ሰው ይረሳል።

ሂሳቡ ራሱ የልጅ ሂሳብ ነው። የተከተቡትን ሰዎች ቁጥር ከላይ ታስቀምጣለህ፣ መከተብ የነበረባቸውን ሰዎች ቁጥር ከስር ታስቀምጣለህ፣ አካፍለህ በመቶ ታባዛለህ፣ የሚወጣው ሽፋን ይባላል። አለቀ። ነገሩ የሚከብደው ሁለቱ ቁጥሮች ከየት መጡ ስትል ነው።

ከላይኛው እንጀምር። ክትባት የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ ራሱ ከዚሁ ስር ነው የወጣው። ወሎ ላይ ክታብ የማያውቅ የለም መቼም። እና እኔ እህቴን ሳያት ይሄ የቃሉ ስር ዝም ብሎ የቋንቋ ነገር አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ያልተጻፈ ሰው አልተከተበም ነው የሚባለው። የድሮዎቹ በሥጋቸው ላይ ነበር የሚጻፍላቸው። አያቴ ክንዷ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አላት፣ እንደ ሳንቲም ክብ ብሎ ገባ ያለ፣ እሱ ጠባሳ ካርዷ ነበር፣ ቆጣሪው ሲመጣ እጅጌዋን ሰብስባ ታሳያለች በቃ። ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1968 ክረምት ነው፣ አያቴም እስከዛሬ ጠባሳዋን ስታሳይ "ይቺ ናት ያተረፈችኝ" ትላለች። የኮቪዱ መርፌ ግን ጠባሳ አይተውም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ነው ያለው።

ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ነው። እህቴ የምትሞላው መቁጠሪያ ላይ ትንንሽ ዜሮዎች በአምስት በአምስት ተደርድረው ታትመዋል፣ አንድ ሰው በተወጋ ቁጥር አንዷን ዜሮ በሰያፍ ትሰርዛለች፣ ሰውየው ካርዱ ላይ ይጻፍለታል፣ መዝገቡ ላይም ስሙና ዕድሜው ይገባል። ማታ ማታ በባትሪ መብራት የተሰረዙትን ዜሮዎች በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች፣ ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራለች፣ አንዷ ካልገጠመች እንደገና ከላይ ትጀምራለች። ያ ቁጥር ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ከዛ ወረዳ፣ ዞን፣ ባህር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ ከዛ ነው ማታ ዜና ላይ የምንሰማው። የሀገር ፐርሰንት ማለት የነዚህ የተሰረዙ ዜሮዎች ድምር ነው።

እና እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያምታታው ነገር አለ፣ ሀገር ውስጥ የገባ ዶዝ፣ የተሰጠ ዶዝ እና የተከተበ ሰው ሶስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የኮቫክስ (ክትባት ለሀገራት ያከፋፍል የነበረው ዓለም አቀፍ ጥምረት) ክትባት የካቲት 28 ቀን 2013 አዲስ አበባ ሲገባ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ አስትራዜኒካ ነበር፣ ክትባቱም መጋቢት 4 ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ፣ የመጀመሪያው ታማሚ ሀገራችን ውስጥ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ያኔ የዶክተር ሊያ ታደሰ የጤና ሚኒስትርነት ዘመን ነበር። ሰው "ሁለት ሚሊዮን ሰው ሊከተብ ነው" ሲል ሰምቻለሁ፣ ግን አስትራዜኒካ ለአንድ ሰው ሁለቴ ነበር የሚሰጠው፣ ስለዚህ 1.1 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ህዝብ ላይ ሲካፈል አንድ ፐርሰንት ገደማ። ያችኑም ቢሆን ክትባቱ የሚመጣው ከህንድ ስለነበር እዛ ወረርሽኙ ሲከፋ ወደ ውጪ መላኩ ቆመና አንዴ የተወጋው ሰው ሁለተኛውን ሲጠብቅ ከረመ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጆንሰን መጣ፣ ጆንሰን አንዴ ከተወጉት "ሙሉ በሙሉ የተከተበ" ተብለህ ትጻፍ ነበር፣ አስትራዜኒካ አንዴ የተወጋው ጎረቤትህ ግን "የጀመረ" ነበር የሚባለው። ሁለታችሁም አንዴ አንዴ ነው የተወጋችሁት ግን የምትገቡበት ፐርሰንት ይለያያል። ስለዚህ ዜናው "ቢያንስ አንድ ዶዝ" ነው ያለው ወይስ "ሙሉ በሙሉ"፣ ይቺን ሳታዩ አትለፉ።

የተሰጠው ዶዝና ሰውም ሁሌ አይገጥምም። አንድ ቀን አርብ ነው እህቴ ጋ ነበርኩ። የአስትራዜኒካ አንድ ብልቃጥ የአስር ሰው ነበር፣ ክዳኑ አንዴ በመርፌ ከተበሳ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም ይደፋ ነበር። ጠዋት ሶስት ሰዓት ላይ አራት ሽማግሌዎች መጡ፣ አንደኛው በበቅሎ ነው የመጡት፣ እና ልትከፍተው ነው ወይስ ሌላ ሰው እስኪመጣ ልታስቀምጣቸው? ከፈተችው። "አያ፣ ከዛ ድረስ መጥተው ሳይወጉ አልመልስዎትም" አለቻቸው። ከዛ ስድስቱን ሰው ፍለጋ ተነሳን። ጁምዓ ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ ቆመች፣ ኢማሙ ራሳቸው "ሂዱ ተወጉ፣ እኔም መጣሁ" ብለው መጡና አራት ሰው ይዘን ተመለስን እሳቸውን ጨምሮ፣ አንዱ ደግሞ የቤተክርስቲያኑ ቄስ ልከውት ሮጦ መጣ፣ ዘጠኝ ሞላ። አስረኛው ጠፋ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀረችውን ጠብታ ስትደፋ ፊቷን አየሁት፣ የሰው ነፍስ እንደደፋች ነው የሆነችው። ወረቀቷ ላይ ወጪ 10 የተከተበ 9 ብላ ጻፈች። ወጪ ሆነ የተባለውን ዶዝ ብቻ እያየ ሽፋን የሚያሰላ ሰው ያቺን አስረኛ ሰው ተከትባለች ብሎ ይቆጥራታል፣ የለችም ግን።

አሁን ወደ ታችኛው ቁጥር፣ የእናቴ "የማን?" ያለው እዚህ ነው። መከተብ የነበረበት ማነው? የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ሰኔ 2014፣ በፈረንጆቹ 2022 አጋማሽ ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ሀገር 70 ፐርሰንት ህዝቡን እንዲከትብ ግብ ሲያስቀምጥ ህዝብ ያለው ሁሉንም ነው፣ ህጻን አዋቂ ሳይል። ኅዳር 2014 ላይ እኛ ሀገር ሰፊው ዘመቻ ሲጀመር ግን የሚከተበው 12 ዓመትና ከዛ በላይ ያለው ነው። እንበልና አንድ ቀበሌ 5000 ሰው አለው፣ ከነሱ 12 ዓመት የሞላቸው 3300 ናቸው፣ አንድ ሺህ ሰው ተከተበ። ከሁሉም ሰው ካካፈልከው 20 ፐርሰንት ነው፣ ከ12 በላይ ካሉት ካካፈልከው 30። ያው ሰው ያው መርፌ። ማንም አልዋሸም፣ ግን ሁለቱን ዜና የሰማ ሰው በሳምንት ውስጥ አስር ፐርሰንት ተጨመረ ብሎ ሊደሰት ይችላል።

ይሄ 5000 የሚባለውስ ማን ቆጠረው? የመጨረሻው የህዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ግንቦት 1999 ነው። ያኔ ደቡብ ወሎ ሁለት ሚሊዮን ተኩል፣ ሰሜን ወሎ አንድ ሚሊዮን ተኩል ህዝብ ነበራቸው። ከዛ በኋላ ሊደረግ የነበረው ቆጠራ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ ስለዚህ በወረርሽኙ ጊዜ ከስር የተቀመጠው ቁጥር ከ1999 ተነስቶ በየዓመቱ ይሄን ያህል ይጨምራል እየተባለ የተሰላ ግምት ነው። በ1999 የተወለደ ልጅ በ2014 ራሱ ተከታቢ ሆኗል ማለት ነው! በዛ መሀል ስንቱ ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ወረደ፣ ስንቱ በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ገባ፣ የየቀበሌውን ሰው በትክክል የሚያውቁት ቤት ለቤት የሚዞሩት እነ እህቴ ናቸው፣ እነሱም ያላቸው ቁጥር ከወረዳው ቁጥር ጋር ሁሌ አይገጥምም። አንዳንድ ቦታ ሽፋን 108 ፐርሰንት የሚባል ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው። ከመቶ ሰው መቶ ስምንት ሰው አይከተብም፣ ከስር ያለው ግምት አንሶ ነው ወይም ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው እዛ ተከትቦ ነው።

ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ስል ወሎ ላይ ቀልድ አይደለም። በ2013 ክረምት ከቆቦ ከወልዲያ ከመርሳ የተፈናቀለው ህዝብ ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ነው የከረመው። ያ ሰው ደሴ ቢወጋ የደሴ ከላይኛው ቁጥር ይጨምራል፣ ከስር ግን የሚቆጠረው ወልዲያ ነው፣ ስለዚህ ደሴ ያለአግባብ ከፍ ትላለች ወልዲያ ያለአግባብ ዝቅ ትላለች። ጥቅምት 2014 ላይ ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ራሱ ገባ። እዩት እስቲ፣ ሀገሪቱ ኅዳር ላይ ትልቁን የክትባት ዘመቻ ስትጀምር ወሎ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ፍሪጁ ተሰባብሮ ሰው በእግሩ እየሸሸ ነበር። የሀገሪቱ ፐርሰንት በዛ ወር ወደ ላይ ነው የወጣው። ፐርሰንቱ ልክ ነው፣ አማካይ ስለሆነ ብቻ እኛ ውስጡ አንታይም።

አማካይ የሚደብቀው ይሄን ነው። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከመቶ 95 ልጅ ሁለቱንም ዶዝ መከተብ አለበት ይባላል፣ ግን 95ቱ በየቦታው እኩል ተሰራጭተው ሲገኙ ነው፣ ሀገሩ በሙሉ 95 ሆኖ አንድ ቆላ ውስጥ ያለች ቀበሌ 40 ከሆነች ኩፍኙ እዛች ቀበሌ ገብቶ ልጅ ይጨርሳል፣ ፐርሰንቱን አያውቀውም እሱ።

ሌላ ከሽፋን ጋር አብሮ መታየት ያለበት መቋረጥ የሚባለው ነው፣ እሱን ለማስረዳት ከቡና የተሻለ የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የልጆች ፔንታ ክትባትም (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው) ሶስት ነው፣ በ6 ሳምንት በ10 ሳምንት በ14 ሳምንት። አቦሉን ጠጥቶ የሚነሳ እንግዳ አለ፣ ቶናን ጠጥቶ የሚሄድ አለ፣ በረካ ድረስ የሚቀመጠው ምርቃቱን ይዞ ይወጣል። በ2008 በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ልጆች 73ቱ የመጀመሪያውን ፔንታ አግኝተዋል፣ ሶስተኛውን ያገኙት 53 ናቸው። ከጀመሩት ከአራቱ አንድ በላይ በረካው ላይ የለም። ይሄ እኮ ከኮቪድ በፊት ነው፣ በሰላሙ ቀን። አቦሉን ያገኘ ልጅ እናቱ ክትባት አልጠላችም፣ መንገዱንም ታውቀዋለች፣ አንዴ መጥታለች። ለምን አልተመለሰችም? እህቴ ብትጠየቅ ቤት ለቤት እየሄደች የሰማችውን ትነግራችኋለች፣ አጨዳ ደርሶባት፣ ልጁ ከመርፌው በኋላ አተኩሶት ፈርታ፣ የመጣች ቀን ብልቃጡ አልተከፈተም ተብላ ተመልሳ። የመጨረሻዋ እኔን በጣም ታበሳጨኛለች፣ ሶስት ሰዓት ልጅ አዝላ የሄደች ሴት ሁለተኛ አትመጣም።

ይሄ ጥናት የሚባለውም ከሪፖርቱ ይለያል፣ እሱን በአጭሩ። የእነ እህቴ ሪፖርት ተደምሮ የሚመጣው አስተዳደራዊ ሽፋን ይባላል። ጥናት ደግሞ ቤት መርጦ አንኳኩቶ "ካርዱን አሳዩኝ" ይላል፣ ካርድ ከሌለ እናትየዋን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ ከፍ ይላል ጥናቱ ዝቅ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ነው።

ካርድ ስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። እህቴ ታኅሣሥ 2014 ላይ ወደ ጤና ኬላዋ ስትመለስ በሩ ክፍት ነው፣ ፍሪጁ የለም፣ መዝገቡ ግማሹ ወለል ላይ ተበትኖ የጫማ ዱካ አርፎበታል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንስታ በቀን በቀን አስተካከለቻቸው፣ የጠፉት ጠፉ። የካቲት ላይ ሁለተኛው ዙር ዘመቻ ሲመጣ አንዲት እናት መጡ፣ ከመርሳ በኩል ተፈናቅለው ዘመድ ጋ የቀሩ ናቸው። "አንዴ ተወግቻለሁ ልጄ፣ ሁለተኛው ቀርቶብኛል" አሉ። ካርድ? ቤት ጋ ነበር፣ ቤቱ የለም። መዝገብ? የእሳቸው ጤና ጣቢያ መዝገብ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። በቁጥር ቋንቋ ካየነው እኚህ ሴት ምንም ያልተከተቡ ናቸው።

እህቴ ወንበር ሰጠቻቸው። "አብሽሪ እማማ፣ እናገኘዋለን። መቼ ነበር የተወጉት?"

"ረመዳን ሊፈታ ሲል።"

"የትኛው ክንድዎ ነው?"

"ግራዬ ነዋ። ማታውን አተኩሶኝ ልጆቹ ሻይ አፍልተውልኛል።"

እህቴ በጣቷ ቆጠረች፣ ረመዳን ሚያዝያ ገባ፣ ግንቦት መጀመሪያ ተፈታ፣ ያኔ በብዛት ይሰጥ የነበረው ክትባት አስትራዜኒካ ነው፣ ዘጠኝ ወር አልፎታል ግን እንደ አዲስ ከአንድ አይጀመርም፣ ሁለተኛው ብቻ ነው የሚሰጣቸው። አዲስ ካርድ አወጣች። የመጀመሪያው ዶዝ መስመር ላይ "ሚያዝያ 2013፣ በቃል" ብላ ጻፈች፣ ከስሩ የዛሬውን ቀን ጻፈች፣ ወጋቻቸው፣ ከዛ መቁጠሪያዋን ስባ በሁለተኛ ዶዝ ረድፍ ላይ አንዷን ዜሮ በሰያፍ ሰረዘቻት።