የእንጆሪ ኮብለር ምንድን ነው?

ኮብለር ከታች በስኳር የበሰለ ፍራፍሬ፣ ከላይ በማንኪያ ጉብ ጉብ ተደርጎ የተጋገረ ለስላሳ ሊጥ ያለው ጣፋጭ ነው። ከምግብ በኋላ ለብ እንዳለ ይበላል። ከፓይ የሚለየው ከሥሩ ሊጥ ስለሌለውና የላዩም ሊጥ ስለማይዳመጥ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ምዕራብ አሜሪካ የተጓዙ ሰፋሪዎች ክዳኑ ላይ ፍም በሚቀመጥበት የብረት ድስት ይጋግሩት ነበር። ድፎ ዳቦ ከላይና ከታች እሳት አድርጎ ለሚጋግር የወሎ ቤት ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ኦቭን የለም ተብሎ የሚቀር ነገር አይደለም።

በደጋው በየአጥሩና በየወንዙ ዳር የሚበቅለው እሾሃማው የዱር እንጆሪ በጣም ይስማማዋል። በደንብ የበሰለው ሲነኩት ከግንዱ በቀላሉ ይለቃል፤ የሚታገለውን ተዉት። ከታጠበ በኋላ ውኃው በደንብ ይንጠፍጠፍ።

ለስድስት ሰው 600 ግራም እንጆሪ፣ 100 ግራም ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ለሊጡ 190 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 50 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 85 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤና 150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ወተት። ቅቤው ያልተነጠረ ይሁን፤ በንጥር ቅቤ ውስጥ ያለው ኮሰረት የእንጆሪውን ጣዕም ይውጠዋል።

ቤኪንግ ፓውደሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለቆላ አገር የተጻፈ አሠራር 2 የሻይ ማንኪያ ይላል። ደሴ ግን ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጡ ቶሎ ይነፋና ሳይጠነክር ይሟሽሻል። አንድ ተኩል ማንኪያ በቂ ነው።

መጀመሪያ እንጆሪው፣ ስኳሩ፣ ስታርቹና ሎሚው ተደባልቀው በፓይሬክስ ወይም በኢናሜል (እንደ ብርጭቆ በሚያብረቀርቅ ሽፋን) በተለበጠ ትሪ ላይ ይደረጉና 190 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን 10 ደቂቃ ይቆያሉ። ሽፋን የሌለው አሉሚኒየም አይሆንም፤ ኮምጣጣው ፍሬ የብረት ጣዕም ያወጣበታል። እስከዚያው ቅቤው በጣት ጫፍ ከደረቁ ነገር ጋር ይታሻል፣ ትልቁ ፍርፋሪ አተር ክክ እስኪያህል ብቻ። ከዚያ ወተቱ ይጨመርና ዱቄቱ እንደረጠበ ማማሰል ይቆማል። ከታሸ እንደ ዳቦ ይጠነክራል።

ፍራፍሬው እንደሞቀ ሊጡ በመሀሉ ክፍተት እየተተወ ጉብ ጉብ ይደረጋል። ሁለቱም ነገር ምክንያት አለው። ፍሬው ቀዝቃዛ ከሆነ የሊጡ ሆድ ሙቀት ሳያገኝ ላዩ ይጠቁራል፤ ክፍተት ከሌለ ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ከሥር ሊጡን ያረጥበዋል። ኮብለር ላዩ አምሮ ውስጡ ጥሬ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ነው።

ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይጋገራል። ላዩ ስለቀላ ብቻ አይወጣም፤ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሀሉም ቢያንስ 5 ደቂቃ ቡልቅ ቡልቅ ማለት አለበት። ደሴ ላይ ውኃ ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ስታርቹ ለመጠንከር ጊዜ ይፈልጋል፤ መረቁ ቀጥኖ የሚቀረው ሲቸኮል ነው። ሊጡ ሲወጋ ስንጥሩ ደረቅ ሆኖ ይውጣ። ከወጣ በኋላም 30 ደቂቃ ይረፍ፤ መረቁ የሚረጋው ሲበርድ ነው።

በወተት ፈንታ አሬራ ከገባ ቤኪንግ ፓውደሩ 1 የሻይ ማንኪያ ይሁንና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመር። ሶዳው ከበዛ ፍሬው ሊጡን በነካበት ቦታ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያወጣል፤ አይጎዳም፣ ግን ሲያዩት አያምርም። ለጾም 60 ሚሊ ሊትር ዘይትና በወተቱ ፈንታ ውኃ ይሠራል። ውኃው ግን መጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ ይግባ፤ ዘይት እንደ ቅቤ ስለማይረጋ ሊጡ ቶሎ ይቀጥናል።

በፍም ሲጋገር ከሥር አንድ እጅ፣ ከክዳኑ ላይ ሁለት እጅ ፍም ይደረግ። የእንጆሪው ስኳር ከሥር ቶሎ ስለሚያር እሳቱ የሚበረታው ከላይ ነው። በየ10 ደቂቃው ድስቱን ሩብ ዙር አዙሩት፤ ክዳኑን መጀመሪያ የምትከፍቱት ከ25 ደቂቃ በኋላ ይሁን፣ ያውም አመዱ እንዳይገባ ቀጥ አድርጋችሁ አንስታችሁ።