በሰሜን ሸዋ ታዳጊዎች ላይ የሚደርስ የኢንተርኔት ማሸማቀቅና ሕጉ

በኢንተርኔት ማሸማቀቅ የሚባለው አንድን ልጅ በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ መስደብ፣ ማስፈራራት፣ ፎቶውን ያለ ፈቃዱ ማሰራጨት ወይም በስሙ ፌክ አካውንት ከፍቶ መሳለቂያ ማድረግ ነው። ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ይመለከታል። በኦሮሚያ ክልልም ዋና ከተማው ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን አለ። እዚህ የተያዘው ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው ነው። የፌዴራል ሕጉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

አካባቢውና ተማሪው

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የቆረቆሯት ይህች ብርዳም ከተማ ዛሬ ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ እኩል በትምህርት ትታወቃለች። መምህራን ማሠልጠኛዋ አንጋፋ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ በ1999 ሥራ ጀምሯል። ሰሜን ሸዋን የተማሪ አገር ቢሉት ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ርዕስ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ከመንዝ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከተጉለት ወይም ከአንኮበር ገጠር ቀበሌዎች ብዙ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ ይወርዳሉ። ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ይከራያሉ። ስንቃቸው ከቤት ይላካል። የ15 እና የ16 ዓመት ልጅ ያለ ወላጅ የሚኖርበት ሕይወት ነው። ስልክ ከቤተሰብ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ነው፤ ስድቡም የሚገባው በዚያው ስልክ ነው። ወላጅ በሳምንት አንዴ በገበያ ቀን ቢመጣ ልጁ ደህና ነኝ ይለዋል። ነገሩ ቤት የሚሰማው ብዙ ጊዜ ልጁ ትምህርት ካቋረጠ በኋላ ነው።

እንዴት ይፈጸማል

ከስማርት ስልክ በፊት ይኸው ሥራ በአሽሙር፣ በስድብ ግጥምና በሽንት ቤት ግድግዳ ጽሑፍ ይሠራ ነበር።

ለውጡ የመጣው በቴሌግራም ነው። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህራን ማስታወሻ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ የክፍል ግሩፖቹ ግን ቀሩ። በቀን ፊዚክስ የሚለቀቅበት ግሩፕ ማታ ሙድ መያዣ ይሆናል። ኮንፌሽን የሚባሉት ቻናሎች ደግሞ ላኪው ስሙን ሳይገልጽ የፈለገውን የሚያስለጥፍባቸው ናቸው። መነሻቸው የፍቅር ኑዛዜ ነበር ይባላል። አሁን ግን «የ11ዲዋ እከሊት» እያሉ ስም ማጥፊያ ያደረጓቸው አሉ። ቲክቶክ ላይ ብዙውን ጊዜ ጥቃቱ በኮመንት ይመጣል። ፌስቡክ የትልልቆቹ ሰፈር ሆኗል።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። አንዳንድ ወላጅ ቢያንስ ከዚህ ጣጣ አረፍን ብሎ ይሆናል። ፎቶና ቪዲዮ ግን ኔት አይጠብቅም። ዜንደር በሚባለው ፋይል መላላኪያ መተግበሪያና በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ይሄዳል። እንዲህ የተላለፈ ምስል ደግሞ ሪፖርት የሚደረግበት ገጽ እንኳ የለውም።

ሕጉ

በኢትዮጵያ በታዳጊዎች መካከል የሚደረግ የኢንተርኔት ማሸማቀቅን ለይቶ የሚቀጣ አዋጅ የለም። ድርጊቱ ተቆራርጦ በተለያዩ ሕጎች ስር ይወድቃል። ዋናው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። ያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና አፈትልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቀበትና የተሰረዘበት ዓመት ነበር።

የአዋጁ አንቀጽ 13 ሦስት ነገሮችን ይቀጣል። በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምስል ሰውን ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ያስፈራራ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ በመላክ ወይም በመደጋገም ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ያደረሰ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ሦስተኛው ስም ማጥፋት ነው፤ የሚያስከስሰውም የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ከሦስቱ ለርዕሳችን የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። የትምህርት ቤት ማሸማቀቅ ጠባዩ መደጋገም ነውና።

አንቀጽ 12 ልጆችን ከወሲብ ብዝበዛ የሚጠብቅ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በወሲብ ድርጊት የሚታይበትን ምስል ማዘጋጀት፣ ማስተላለፍ፣ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትም ጭምር ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አዋቂ አጥማጆች ላይ ይህ ክንድ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘገየ ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን አንቀጹ በዕድሜ አይለይም። የጓደኛውን ቪዲዮ ግሩፕ ውስጥ የለቀቀ የ16 ዓመት ልጅም፣ ቪዲዮው ስልኩ ላይ የተገኘበት አብሮት የሚማረውም በዚሁ አንቀጽ ሊጠየቁ ይችላሉ።

እዚህ ላይ የወንጀል ሕጉ ይገባል። በ1996 የወጣው ሕግ ዕድሜን በሦስት ይከፍላል። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ተግሣጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየት፣ ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ የመሳሰሉ እርምጃዎች ይወሰዱበታል። ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፤ ዳኛው ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ልክ በዚህ ድንበር ላይ ነው የሚቆመው። አንድ ዴስክ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ልጆች አንዱ በተግሣጽ ሲታለፍ ሌላው ወኅኒ ሊገባ ይችላል።

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚነካው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ ጥቃትን ነው። መልክን፣ ድህነትን ወይም የገጠር አነጋገርን መነሻ ያደረገ ስድብ አይገባበትም። በተለይ የመጨረሻው ከገጠር ለመጣ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳትም አባትን ተጠያቂ ያደርጋል። ማንንም ሳያስሩ ካሳ መጠየቂያ መንገድ ነው።

ፍርድ ቤቱ የት ነው

የኮምፒዩተር ወንጀልን በመጀመሪያ ደረጃ እንዲያይ ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ይህን ሥልጣን በክልል የሚሠራበት የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የዚህ ፍርድ ቤት ዋና መቀመጫ ባሕር ዳር ነው፤ በአዲስ አበባ በኩል ሲዞሩ ከደብረ ብርሃን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚነሳ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ስለዚህ «እስቲ በዓሉ ይለፍ» እያሉ ማቆየት ማስረጃ ያስጠፋል።

ሽምግልና

በሸዋ ጠብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሽማግሌ ነው። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር ደግሞ ድሮ አፈርሳታ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ አጥፊው እስኪወጣ ይቀመጣል። ፌክ አካውንትን በአፈርሳታ ማውጣት አይቻልም። ሆኖም የክፍል ኃላፊ መምህሩ፣ ዩኒት ሊደሩና የሁለቱ ልጆች ቤተሰቦች አንድ ላይ ሲቀመጡ የአካውንቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ከፖሊስ ቀድሞ የሚታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የሰሜን ሸዋ ሽማግሌ ልጅን አዋርዶ አይደለም የሚያስታርቀው፤ ይህን መመስከር ተገቢ ነው።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ተጎጂዋ ሴት ልጅ ስትሆንና ነገሩ ምስል ሲሆን ዕርቁ ወደ ዝምታ ያደላል። የቤተሰብ ስም ይጠበቃል፣ ምስሉ ግን ስልኮች ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሽማግሌ ይዞ እንዲያስቀረው መፍቀድ ትክክል አይመስልም።

ይቀጣ ወይስ አይቀጣ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ሲያረጋግጥ፣ የወጣቶችን ደህንነትና የሰውን ክብር ለመጠበቅ ሕጋዊ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። በመርህ ደረጃ በሩ ክፍት ነው። ቅጣት ይጥበቅ የሚሉት ልጆች ሕግ ሲፈሩ እንጂ ምክር ሲሰሙ አይቆሙም ይላሉ። የሚቃወሙት ሰፊ አንቀጽ ነገ ተቺን ማፈኛ ይሆናል የሚል ሥጋት አላቸው። አዋጅ 958ም ሲወጣ በዚሁ ተተችቷል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የውጭው ልምድ የተለያየ ነው። በካናዳ የኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ሕግ ትርጉሙ ከመጠን በላይ ሰፍቶ በ2015 በፍርድ ቤት ተሽሯል። ፈረንሳይ በ2022 የተማሪዎችን ማሸማቀቅ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋ፣ ተጎጂው ራሱን ካጠፋ ቅጣቱን እስከ 10 ዓመት አድርሳለች። ጣሊያን በ2017 ሌላ መንገድ መረጠች። አዲስ ወንጀል አልፈጠረችም። ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ራሱ ይዘቱ እንዲነሳ ይጠይቃል። ድርጅቱ በ48 ሰዓት ካላነሳው ልጁ ወደ ግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ይሄዳል።

ለእኛ የሚበጀው የመጨረሻው ይመስላል። ኢትዮጵያም በእኛ አቆጣጠር በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በ24 ሰዓት ይነሳ የሚለው ግዴታ ግን እስካሁን ያለው በአዋጅ 1185 ለጥላቻ ንግግርና ለሐሰተኛ መረጃ ብቻ ነው። ፎቶዋ የተለቀቀባት የሸዋ ሮቢት ተማሪ በቅድሚያ የምትፈልገው ፎቶው እንዲነሳ ነው። ለዚያ ዛሬ በእጇ ያለው ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ ያለው የሪፖርት ቁልፍ ነው። ከመጫኗ በፊት ስክሪንሾት ማንሳትና ሊንኩን መያዝ ይኖርባታል፤ ፖሊስ ጋ ስትሄድ የሚጠየቀው እሱ ነውና።