በጋላክሲዎች መካከል ያለው የጋለ ጋዝ ምንድን ነው?

የጋላክሲ ክላስተር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ተሰባስበው ያሉ ጋላክሲዎች ናቸው። እውነት ነው፤ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ጋላክሲዎች በስበት ተሳስረው አብረው ይኖራሉ። በመካከላቸው ያለው ቦታ ግን ባዶ አይደለም፤ በጋዝ የተሞላ ነው። ያ ጋዝ ቢመዘን የክላስተሩ ከዋክብት ሁሉ ተደምረው ከሚመዝኑት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሙቀቱ ከ10 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን ዲግሪ ይደርሳል። የፀሐይ ገጽ እንኳ 5,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ይሄ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ? ክላስተሩ ሲፈጠር ጋዙ በስበት እየተሳበ ወደ መሃል ወደቀ፣ በኃይል እርስ በርሱ ተጋጨ፣ ጋለ። ቢሆንም እጅግ ስስ ነው። በአብዛኛው ቦታ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ቅንጣት ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ተፈናጥራ ክንድ ላይ የምታርፍ ፍንጣሪ አለች አይደል? በጣም የጋለች ናት፤ ግን ትንሽ ስለሆነች እንደ ፍም አታቃጥልም። ጋዙም እንዲሁ ነው፤ የጋለ ግን ስስ።

እንዲህ የጋለ ጋዝ በዋናነት የሚያበራው በኤክስሬይ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በፍጥነት እየሮጡ በአቶም እምብርት አጠገብ ሲያልፉ መንገዳቸው ይታጠፋል፤ ያኔ ኤክስሬይ ይለቃሉ። ሆስፒታል ራጅ ስንነሳ የምናውቀው ዓይነት ጨረር ነው፤ ጉልበቱ ግን አነስ ይላል።

ታዲያ እንጦጦ ላይ ቴሌስኮፕ እያለን ለምን አናየውም? ቦታው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የቀረው አየር ግን ከ6 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ ያህል ይመዝናል። ከክላስተር የሚመጣ ኤክስሬይ ያንን ሰንጥቆ አያልፍም። የግድ ቴሌስኮፑ ራሱ ወደ ጠፈር መውጣት አለበት።

ከሰማይ የሚመጣ ኤክስሬይ ለማየት ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተወነጨፈችው ከጎረቤታችን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1970፣ ከኬንያ ባሕር ዳርቻ፣ ማሊንዲ አጠገብ ካለ መድረክ ተነሳች። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለነበር ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ይሄ ታሪክ በትምህርት ቤቶቻችን ቢነገር ደስ ይለኛል። የክላስተሮች ኤክስሬይ በሰፊው ተዘርግቶ የሚታይ መሆኑን ያሳየችው እሷ ናት። በ1999 ደግሞ ቻንድራና ኤክስኤምኤም ኒውተን የተባሉት የጠፈር ኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ተከተሉ።

ለእኔ ትልቁ ነገር የክላስተሩ ክብደት ነው። እንዲህ የጋለ ጋዝ ተበትኖ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። የያዘው ስበት አለ ማለት ነው። ሙቀቱና ስርጭቱ ሲለካ ስበቱ ይታወቃል፤ ከስበቱ የክላስተሩ ጠቅላላ ክብደት ይሰላል። ውጤቱ ያስደነግጣል። ከዋክብትና ጋዝ ተደምረው ከጠቅላላው 15 በመቶ አካባቢ ብቻ ናቸው። የቀረው ዳርክ ማተር የሚባለው የማይታይ ቁስ ነው።

አሁን ጥያቄው ጋዙ እንዴት ይንቀሳቀሳል የሚለው ነው። የጃፓኗ ሂቶሚ በ2016 ወደ ጠፈር ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ተበላሸች። ከዚያ በፊት ግን 240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀውን የፐርሲየስ ክላስተር ተመልክታ ነበር። መሃሉ አካባቢ ያለው ጋዝ በሴኮንድ 164 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት እንደሚናወጥ ለካች። ከተጠበቀው የረጋ ነው። ተተኪዋ ክሪዝም በሴፕቴምበር 2023 ተወነጨፈች። መለኪያዋ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዚያ በታች ቅዝቃዜ ከሌለበት ነጥብ፣ በላይ 0.05 ዲግሪ ብቻ እስኪሆን ይቀዘቅዛል። አንዲት የኤክስሬይ ቅንጣት ስታርፍበት ትንሽ ይሞቃል፤ ከዚያ ጉልበቷ ይነበባል።

የቻንድራና የኤክስኤምኤም ኒውተን መረጃ፣ ለተመራማሪዎቹ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ፣ በነጻ ለሁሉም ይለቀቃል። አራት ኪሎ ያለ የፊዚክስ ተማሪ ኢንተርኔትና ደህና ኮምፒውተር ካገኘ፣ የፐርሲየስን ጋዝ ሙቀት ራሱ መለካት ይችላል።