ከተማ ለፓርክና ለእግረኛ መሿለኪያ መሬት ሲገዛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ከዴንቨርና ከአውሮራ ተነሥተው ወደ ቦልደር ከተማ የሚወጡ ኢትዮጵያውያን በከተማው ዙሪያ የተዘረጋውን ሰፊ ሜዳ ሲያዩ፣ ባለቤት ያልነበረው ወይም መንግሥት እንዲሁ የከለለው መሬት ይመስላቸዋል። እውነታው ሌላ ነው። ቦልደር ያን መሬት ቁራሽ በቁራሽ፣ ነዋሪው በድምፁ በፈቀደው ገንዘብ ገዝቶታል። ዛሬ ከተማው የሚጠብቀው ክፍት ቦታ ከ45,000 ኤከር በላይ ነው፤ ይህ ወደ 18,000 ሄክታር ይጠጋል። ጉዳዩ እኛንም የሚነካበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኮሎራዶ ቤት የገዛን፣ ንግድ የከፈትን፣ ታክስ የምንከፍል ሰዎች ነን። የምንኖርበት ከተማ ለፓርክ ወይም ለመሿለኪያ፣ ማለትም ከመኪና መንገድ ሥር ለሚያልፍ የእግረኛ መንገድ፣ መሬት ሲፈልግ ድምፃችን ሊጠየቅ፣ አንዳንዴም የጓሯችን ጫፍ ሊፈለግ ይችላል።

«መሬት የመንግሥት ነው፤ ከተማው ካሻው ይወስደዋል»

ይህ አመለካከት ከአገር ቤት አብሮን የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ባለይዞታ ሲነሣ ካሳው የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረትና ለመፈናቀሉ እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። በአሜሪካ ግን ከተማ መሬት ሲፈልግ በቅድሚያ እንደ ማንኛውም ገዢ ይቀርባል። ገማች ያስገምታል፣ ዋጋ ያቀርባል፣ ይደራደራል፣ ከዚያም ምክር ቤቱን ያስፈቅዳል። ቦልደር የዛሬ ክፍት ቦታውን በአብዛኛው ያገኘው ለመሸጥ ከፈለጉ ባለቤቶች ነው። ልማዱም አዲስ አይደለም፤ በከተማው ያለው የቻታኳ ፓርክ መሬት የተገዛው በ1898 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

«ገንዘቡ የሚመጣው ከቤት ባለቤቶች ታክስ ነው»

የቦልደር ዋናው ምንጭ የሽያጭ ታክስ ነው። በ1967 መራጮች ለክፍት ቦታ መግዣና ማስተዳደሪያ የሚውል 0.40 በመቶ የሽያጭ ታክስ አጸደቁ፤ በ100 ዶላር ግዢ ላይ 40 ሳንቲም ማለት ነው። በ1989 ደግሞ 0.33 በመቶ ጨመሩበት። ስለዚህ በከተማው ሱቅ ዕቃ የገዛ ሁሉ፣ ከአውሮራ ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳም ጭምር፣ ለመሬቱ ግዢ አዋጥቷል።

«የተገዛው መሬት ባዶ ተቀምጦ ይባክናል»

ሜዳ ስናይ «ይህ ሁሉ ቦታ ቤት ቢሠራበት» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን ከቦልደር ክፍት ቦታ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የእርሻና የግጦሽ መሬት ሲሆን፣ ከተማው ለገበሬዎች ያከራየዋል። ሌላው የጎርፍ መውረጃ፣ የዱር እንስሳት መኖሪያ፣ የእግር ጉዞ መንገድ ነው። አንዳንዴም ከተማው መሬቱን ጨርሶ አይገዛም። ባለቤቱ በመሬቱ ላይ ሕንፃ የመሥራት መብቱን ብቻ ይሸጥለታል፤ እርሻውን ማረሱን፣ ለልጆቹ ማውረሱን ይቀጥላል። ይህ ውል ከመሬቱ ጋር ስለሚተላለፍ ቀጣዩ ገዢም ይገደድበታል። እንዲህ ያለ ንብረት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሰነዱን በጥንቃቄ ያንብብ።

«ፓርክ የሚጠቅመው ሀብታሙን ብቻ ነው»

ይህን ሙሉ በሙሉ ስሕተት ማለት አልችልም። ቦልደር በ1976 የአዳዲስ ቤቶችን ብዛት የሚገድብ ሕግ አጽድቋል፤ ዙሪያውንም መሬት እየገዛ አጥሮታል። የቤት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ በከተማው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ከሌላ ቦታ እየተመላለሱ ይሠራሉ። ክፍት ቦታው ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም እጁ አለበት፤ መሬት የሚገዛ ከተማ ለሠራተኛው ቤትም አብሮ ማሰብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ «ብቻ» የሚለው ቃል ላይ ነው። መኪና የሌለው ሰው፣ ልጅ፣ ሽማግሌ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሁሉ ከመንገድ ወዲያ ማዶ ወዳለው ሜዳ በሰላም መሻገር ከቻለ ፓርኩ የእርሱም ነው። የመሿለኪያው ጉዳይ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

«ከመሿለኪያ ይልቅ ድልድይ ይሻላል፤ መሬትም አይፈልግም»

ሒሳቡን እንየው። ከመንገድ በላይ የሚሠራ ድልድይ ከባድ መኪና እንዲያሳልፍ 5 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ የወለሉ ውፍረት ሲጨመር እግረኛው ወደ 6 ሜትር ይወጣል። በመሿለኪያ ለሚያልፍ ሰውና ብስክሌት ግን 3 ሜትር ከፍታ ይበቃል፤ በላዩ ያለው መንገድ ሲጨመር ወደ 4 ሜትር መውረድ ነው። በአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች መመዘኛ አንድ ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ድልድዩ በእያንዳንዱ ወገን ከ72 ሜትር በላይ፣ መሿለኪያው ከ48 ሜትር በላይ ተዳፋት ይጠይቃል፤ ማረፊያዎቹ ገና አልተቆጠሩም። ማንኛውም አቋራጭ መሬት ይበላል ማለት ነው። ከተማ በመንገዱ ዳር ያለን ቦታ ገዝቶ በአንዱ ጠርዝ የመሿለኪያውን መግቢያ፣ በቀረው ፓርክ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ግዢዎች አብረው ሲቀርቡ የምናየውም ለዚሁ ነው።

ቦልደር ከ80 በላይ መሿለኪያዎች አሉት። ብዙዎቹ ከወንዝ ዳር መንገዶች ጋር የተያያዙ ናቸው፤ እግረኛው ከውኃው ጎን ለጎን በመኪና ድልድዩ ሥር ያልፋል፣ ደረጃም መውጣት አያስፈልገውም። «ዝናብ ሲጥል ይጥለቀለቃሉ፤ ተበላሽተው ተሠርተዋል» የሚል ወቀሳ እሰማለሁ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ይጥለቀለቃሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ውኃውን ከመንገዱ ሥር እንዲያሳልፉ ሆነው የተሠሩ ናቸውና። በመስከረም 2013 በከተማው ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ ዓመት ሊባል የተቃረበ ዝናብ ሲወርድ ውኃ መውረጃ ማግኘቱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ታየ። ለልጆቻችን መንገር ያለብን ግን አንድ ነገር አለ፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ወደ መሿለኪያ አይግቡ።

«አንዴ ፓርክ ከሆነ በኋላ ከተማው ሸጦ ሊያተርፍበት ይችላል»

በቦልደር ይህ ከባድ ነው። ከ1986 ጀምሮ በቻርተሩ፣ ማለትም በከተማው መተዳደሪያ ሕግ፣ ላይ በተጻፈው መሠረት ክፍት ቦታ ለሌላ እንዲተላለፍ ከአምስቱ የክፍት ቦታ ቦርድ አባላት ቢያንስ የሦስቱ ድምፅ፣ ከዚያም የምክር ቤቱ ውሳኔ ያስፈልጋል። ነዋሪዎችም ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ ማቅረብ ይችላሉ።

«አልሸጥም ካልኩ ዋጋውን የሚወስነው ከተማው ነው»

ከተማ ለሕዝብ ጥቅም በፍርድ ቤት በኩል መሬት የማስለቀቅ ሥልጣን አለው፤ ይህን መካድ ሰውን ማሳሳት ነው። ዋጋውን ግን ብቻውን አይወስንም። በኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ተገቢውን ካሳ የሚወስኑት ቢያንስ ሦስት ገለልተኛ የመሬት ባለቤቶች ናቸው፤ ባለንብረቱ ከጠየቀም በዳኝነት የሚቀመጡ ተራ ዜጎች ይወስናሉ። ንብረቱ 5,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያወጣል ተብሎ ከታሰበ፣ ባለቤቱ የራሱን ገማች ሊቀጥር ይችላል፤ ተመጣጣኝ የሆነውን የግምት ወጪ የሚከፍለውም መሬቱን የፈለገው አካል ነው። ለዚህ ግምቱ መሬቱን መፈለጉን የሚገልጸው ማስታወቂያ ለባለቤቱ ከደረሰ በ90 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ሲከርም የሚጠፋው ይህ መብት ነው፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው በዚያው ሳምንት ለጠበቃ ያሳየው።