ዜማ ቤት ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚያስተምረው የአብነት ጉባኤ ዜማ ቤት ይባላል፤ በዋናው የዜማ መጽሐፍ በድጓ ስም ድጓ ቤት የሚሉትም አሉ። ንባብና ዳዊት የደገመ ልጅ ይገባበታል።

ቅዳሴው፣ ሰዓታቱ፣ ማኅሌቱ፣ ፍትሐቱ ሁሉም የሚደርሰው በዜማ ነው። ስለዚህ ምንም ያህል መጽሐፍ ያነበበ ሰው ዜማ ካልተማረ መቅደስ ገብቶ ማገልገል አይችልም። ለድቁናና ለቅስና የሚያስፈልገው የቅዳሴ ዜማ በቅዳሴ ቤት ይሰጣል። ዜማ ቤት ግን የዓመቱን በዓላት ከዋዜማ ጀምሮ የሚመራ መሪጌታ የሚወጣበት ነው።

የተማሪው ጉዞ ከቃል ትምህርት ይጀምራል፤ ውዳሴ ማርያምን በዜማ፣ ከዚያም መስተጋብዕ፣ አርባዕት፣ ሠለስት የተባሉትን የዜማ ክፍሎች እያለ ወደ ምዕራፍ፣ በዐቢይ ጾም ወደሚዜመው ጾመ ድጓ፣ በመጨረሻም ወደ ድጓ ይደርሳል። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን ዜማዎች ለይቶ የሚያውቀው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ድጓውን የከፈተ ሰው ከንባቡ በላይ የተጻፉ ደቃቅ ምልክቶች ያያል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። ሥርዓቱን ያዘጋጁት በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ከእነዚህ ሌላ አንድ ሁለት ፊደልም ይጻፋል፤ ፊደሉ ተማሪው ቀድሞ በቃሉ የያዘውን የሌላ ቃል ዜማ ያስታውሰዋል። ያንን ዜማ በጆሮው ላልያዘ ሰው ፊደሉ ምንም አይነግረውም። ስለዚህ መጽሐፉ ብቻውን አያስተምርም፤ በስልክ የተቀዳ ድምፅም ቢሆን ያግዛል እንጂ ተማሪው የቱ ላይ እንደሳተ አይነግረውም። የኔታ ግን ዓይናቸው ባያይ እንኳ ተማሪው ርክርኩን ሲያሳጥር ይሰማሉ፤ እዚያው ያስቆሙትና ያስደግሙታል። ብዙ ሰው ዜማ ቤት ድምፀ መረዋ ለሆነ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን የሚበልጠው ጆሮና ትዕግሥት ነው እላለሁ፤ ትምህርቱ ዓመታት ይፈጃልና።

ድጓ የጨረሰ ጋይንት ውስጥ ወዳለው የድጓ ማስመስከሪያ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ማለትም ተፈትኖ ማወቁ ይረጋገጥለታል። በቅዳሴ ጊዜ የሚዜመውን ዝማሬና ለሙታን የሚዜመውን መዋሥዕት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ዙር አባ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚዜመውን አቋቋም የሚፈልግ ወደ ጎንደር ይሻገራል። ያስመሰከረ ሰው ወንበር ተክሎ ማስተማር ይፈቀድለታል።